አርባ አምስት ደቂቃ የሚለው ሰሌዳ

አሮጊቷ በየወሩ በረዶ በማይጠፋበት የአገሩ ሰሜን ጫፍ ባሉት ሁለት ትናንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ይመላለሳሉ። ሻንጣ የላቸውም። የእጅ ሰዓታቸው የወንድ ስለሆነና ስለሚሰፋቸው ከሹራባቸው እጅጌ በላይ ያስሩታል። አውሮፕላኑ ሲነሳ ሰዓቱን ያዩታል፣ ሲያርፍ ያዩታል፣ ከዚያ የፈጀውን ደቂቃ መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ተሳፋሪው «ውሃ ቀጠነ ባይ» ይላቸዋል። እኔም እል ነበር።

ዛሬም እንደወረድን በረዶውን ከጫማቸው ሳያራግፉ ትኬት ቆራጩ ዘንድ ሄዱና መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ።

«ስልሳ ሁለት! ሰሌዳችሁ ግን አሁንም ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር፣ አርባ አምስት ደቂቃ ይላል።»

«እማማ፣ ስንቴ ልንገርዎት? ነፋስ አለ። የሰሌዳው ግምት ነው።»

«ግምት ከሆነ ግምት ብለህ ጻፍበት!»

ከኋላቸው ሰልፉ አጉረመረመ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

«አሁን ለአሥራ ሰባት ደቂቃ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ?» አለ ትኬት ቆራጩ።

አሮጊቷ የሰዓቱን መስታወት በአውራ ጣታቸው ጠረጉት።

«ሐኪሙ ይሄን ሰሌዳህን አምኖ ነው የባለቤቴን ኦክስጅን ለሃምሳ ደቂቃ የሞላለት። አምስቷን ለጥንቃቄ ብሎ ጨምሮ።»