ሄይልቼ ሮዛና የረግረጉ ቁጥቋጦ

ሄይልቼ ሮዛን ያላወቀ ሰው የእኛን ወንዝ ዳር አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ባሏ ከሞተ በኋላ አሥራ አራት ዓመት የዶክተር ጊልበርት ማክራይን ቤት ያስተዳደረችው እሷ ናት። እኔ ወፍጮ ቤት ያለሁ ጎረቤቷ ስለሆንኩ ሳቋንም ቁጣዋንም በአጥር በኩል እሰማ ነበር። ቁጣዋ ጥቂት ነበር። የበቆሎ ገንፎዋን በወተት በልታ፣ እጇን እስከ ክርኗ አፈር ውስጥ ነክራ የምትውል ሴት በምን ትናደዳለች?

ዶክተሩ ሐኪም ነኝ ይሉ ነበር እንጂ በሽተኛ ሲያክሙ አይቼ አላውቅም። ስኮትላንድ ተምረው መጡ፣ መሬት አገኙ፣ የአገረ ገዢው ምክር ቤት አባል ሆኑ። የብርዱን ወራት ኒው ዮርክ ከተማ ሲነታረኩ ያሳልፋሉ፤ ሙቀቱ ሲመጣ ወደ እኛ ተመልሰው ዕፅዋት ይለቅማሉ። ያገኙትን አድርቀው፣ በላቲን ገልጸው፣ ባሕር ማዶ ላይደን ከተማ ላሉ ሊቃውንት ይልካሉ። የዚያን ጊዜ ጌቶች ሁሉ እንዲህ ነበሩ፤ ጠዋት ስለ ቀረጥ ይጣላሉ፣ ከሰዓት አበባ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን ዘንጎች ይቆጥራሉ። የሚሰበስብላቸውና የሚያደርቅላቸው ማን ነበር? ሄይልቼ ናት። ላቲን አታውቅም፤ ረግረጉን ግን እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች።

አንድ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ዶክተሩ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ ደቃቅ ነጭ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ይዘው ገቡ።

«ሄይልቼ! አዲስ ነው! በየትኛውም መጽሐፍ የለም!»

ወዲያው ስም አወጡለት፤ የአገረ ገዢውን ስም። ይህ የጌቶቹ ልማድ ነው፤ ተክሉ የሹሙን ስም ይይዛል፣ ሹሙ ደስ ይለዋል፣ ሹመት ይከተላል። ዶክተሩ የመሬት ቅየሳ ሹም ለመሆን ሲመኙ ዓመታት አልፈዋል። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ቅርንጫፉ ወረቀት መሀል ተጫነ፤ መርከቡ ሐሙስ ይነሣል።

ሄይልቼ ግን ቅርንጫፉን ገና ስታየው ለይታዋለች። በበረዶ ወራት ቀይ ፍሬ የሚያንዠረግገው የረግረግ ቁጥቋጦ ወንዱ ነው። ሴቷን ዶክተሩ ራሳቸው ከዓመታት በፊት፣ ከተማ ሳሉ በተላከላቸው ፍሬያም ቅርንጫፍ ገልጸዋታል። ፍሬው በሚቀላበት ወራት ምክር ቤት ስለሚሆኑ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አይተው አያውቁም። ሄይልቼ ይህን የተማረችው ከዶክተሩ ኩሽና ጀርባ ባለማችው ጓሮ ነው። ሴቷን አምጥታ ኩሽናው ግድግዳ ሥር ብትተክል ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬ የለም። በአራተኛው የማያፈራውን አምጥታ አጠገቧ ተከለች፤ ያን ዓመት ግድግዳው ቀላ።

«ንገሪያቸው እንጂ!» አልኳት።

«አምና አትክልተኛው ‹ተሳስተዋል› ቢላቸው በማግስቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። እኔ ይሄን ጓሮ ትቼ የት ልሂድ?»

«እንግዲያስ ዝም በያ።»

«ዝም ብል ደግሞ ያ ቪንኬል ይደርስበታል።»

ያኮቡስ ቪንኬል ጠበቃ ነው፤ በምክር ቤቱ የዶክተሩ ባላንጣ፣ እሱም ተክል ለቃሚ፣ በዚያ ላይ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ምላሰኛ። የአገረ ገዢውን ስም ፍሬ በማይሰጥ ቁጥቋጦ ላይ መለጠፋቸውን ቢያውቅ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ያደርጋቸው ነበር። ሄይልቼ ደግሞ ሽማግሌውን ትወዳቸዋለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከጓሮዋ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች።

«ጌታዬ፣ ይሄ ባልየው ነው፣ ይቺ ሚስቲቱ ናት። አዲስ ነገር የለም።»

ዶክተሩ ቱግ አሉ። «አንቺ ደግሞ! ላቲን ተማርሽ እንዴ?»

«እኔም አልተማርኩ፣ ቁጥቋጦውም አልተማረ።»

«ውጪ!»

ድምፃቸው ወፍጮ ቤት ድረስ ተሰማ። ሄይልቼ ልብሷን ሣጥን ውስጥ ከተተችና እኔ ዘንድ መጣች። ደጃፌ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አላነሣችም፤ ያስለቀሳት ጓሮው ነበር። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ በዚያን ቀን ለዶክተሩ የተመኘሁላቸውን ነገር እዚህ አልጽፈውም።

ረቡዕ ማለዳ በአጥሩ በኩል ብመለከት፣ ዶክተር ማክራይ ሰው ሠራሽ ፀጉራቸውን ሳያጠልቁ፣ በራ ራሳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ጓሮዋ ውስጥ ተንበርክከዋል። በማጉያ መነጽር አንዱን አበባ ያያሉ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ደግሞ ተመልሰው የመጀመሪያውን። የወንዱ ዘንጎች ቢጫ ዱቄት ተሸክመዋል። የሴቷ ባዶ ናቸው፤ መሀላቸው አረንጓዴ እንክብል ተቀምጧል።

«ሄይልቼ! የት አለች ይቺ ሴትዮ?»

«አለሁ» አለች፣ ሣጥኗን እንዳንጠለጠለች አጥሩ ጋ ቀርባ።

«ሣጥኑ ምንድነው?»

«ውጪ አሉኝ እኮ።»

«ከክፍሉ ነዋ ያልኩሽ! ከቤቴ ውጪ ያለሽ ማነው? ይልቅ ነይ አንሺኝ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ።»

አነሣቻቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ተቀደደ፣ ሐሙስ ሌላ ተላከ፤ ሁለቱ ተክሎች አንድ መሆናቸውን፣ ይህንንም የደረሰችበት ሄይልቼ ሮዛ መሆኗን ይናገራል። የቅየሳው ሹመት ለቪንኬል አማች ሆነ። ዶክተሩ አንድ ሳምንት አኮረፉ፣ ከዚያ እንጉዳይ ማጥናት ጀመሩ።

ከላይደን መልስ የመጣው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። የዚያን ቀን ዱቄት ላደርስ ሄጄ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ዶክተሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጥያቄ አላቸው። ላንቺ ነው። ለአንድ ወንድ ስንት ሴት ይተከላል? በምን ያህል ርቀት? እኔ… እኔ አላውቀውም።»

ተነሥተው የራሳቸውን ወንበር ሳቡላት። እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ብዕራቸውን ቀለም ነከሩ። ሄይልቼ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀመጠች፤ ከዚያማ ማን ያቁማት! ስለ አፈሩ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ንቦቹ፣ ስለ ሦስቱ ባዶ ዓመታት ነገረቻቸው።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሄይልቼ» አሉ ዶክተሩ ቀና ሳይሉ፣ «አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ።»