ቀይ ባንዲራውን ያወረድኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ተመርቃ ልትጠይቀኝ መጣች። ሰው ያበረከተላትን ቀይ ጽጌረዳ ከነላስቲኩ ታቅፋ ነበር። "ይሄ ላንቺ ነው፣ አክስቴ" ብላ ሰጠችኝ። አመስግኜ ተቀበልኳትና ወዲያው ወደ በረንዳ አወጣሁት። ልጅቷ ቅር አላት። "አበባ አትወጂም እንዴ?" አለችኝ። ቤቱ እንግዳ ሞልቶት ስለነበር በሳቅ አለፍኩት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከቡራዩ ወጣ ብሎ፣ በሆለታ መንገድ ላይ ባለ አንድ የአበባ እርሻ እሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰርቪሱ ከአስፋልቱ ዳር ይወስደናል። የገፈርሳ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ የአውቶቡሱ መስኮት በትንፋሻችን ይሸፈናል። ጫልቱ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው። "አካም ቡልቴ" ብላ እንዴት እንዳደርኩ ትጠይቀኝና ከኪሷ ቆሎ ዘግና እጄ ላይ ታፈስልኛለች። ጎረቤቴ ናት፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም አብረን ነው ያደግነው። አባቷ ኦቦ ገመቹ እኔንም "ልጄ" ነበር የሚሉኝ።

በሁለተኛው ዓመት ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። ነጭ ጋዎን ለበስኩ፣ የእጅ ሬዲዮ ያዝኩ። ለሚሰማው ትንሽ ነገር ነው፤ ለኔ ግን ትንሽ አልነበረም። በማሸጊያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ነበር። በዕለቱ ብዙ አበባ ያስቆረጠ ሱፐርቫይዘር ማምሻውን ስሙ ከላይ ይጻፍበታል። ስሜን እላይ ሳየው ደረቴ ውስጥ ደስ የሚል ሙቀት ይሰማኛል። ሁለተኛ የወጣሁ ዕለት እራት አይበላልኝም። እያደር እሑድም መግባት ጀመርኩ። ጫልቱ ነጠላዋን ለብሳ ለቅዳሴ ልትጠራኝ ስትመጣ እናቴ በሩ ላይ "ሥራ ሄዳለች" ትላታለች። በኋላ መጥራቱን ተወችው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም።

"ከእንቅልፍሽ ስትነቂ መጀመሪያ የምታስቢው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ሥራዬን፣ አባቴ።"

"ለሱ ስትዪ ምን ከፈልሽ?"

"ምንም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ገና አልጠየቀሽም" አሉ።

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ውጪው ፀሐይ ነበር፤ እኔን ግን በረደኝ። ከዚያ ሥራው በዛና ረሳሁት።

ያ ዓመት ጾሙ ቀድሞ የገባበት ነበር። ጽጌረዳ በብዛት ወደ ውጭ የሚላክበት የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን ደግሞ ደርሷል፤ በዚያ ሰሞን እርሻው ውስጥ ሰው አይተኛም፣ ሰው አያመውም። ሥራ አስኪያጁ ከወቅቱ በኋላ ለማሸጊያው አዳራሽ ኃላፊ እንደሚመርጥ ነግሮን ነበር። ማንን እንደሚመርጥ ሰሌዳው ይናገራል።

ሐሙስ ጠዋት ሰባት ቁጥር ግሪን ሃውስ ደጃፍ ላይ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ አገኘሁ። በዋዜማው ማታ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ተረጭቷል ማለት ነው። የርጭት ኃላፊው ራሱ እስኪያወርደው ማንም አይገባም፤ እሱም ከቀትር በፊት አያወርደውም። በቤቱ የላስቲክ ግድግዳ በኩል እምቡጦቹ በሙቀቱ መፈንዳት ሲጀምሩ ይታየኛል። እስከ ቀትር ከቆዩ ይጣላሉ። ሬዲዮው ጮኸ። "ሰባት ቁጥር ለምን አልተጀመረም?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

ባንዲራ አለ ማለት እችል ነበር። "እየጀመርን ነው" አልኩት።

በገዛ እጄ አወረድኩት። ጠቅልዬ ጋዎኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በስሬ ያሉት ሰባት ቆራጮች መቀሳቸውን ይዘው ሲመጡ ጫልቱ ከፊት ነበረች። ደጃፉን አየችና "ባንዲራ አልነበረም እንዴ?" አለች።

"ተነስቷል።"

ፊቴን አየችኝ። "አንቺ ካልሽ" አለችና ሻርፗን አፏ ላይ አስራ ገባች።

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ሌላ ቀን ሲቆርጡ ይዘፍናሉ፣ ይቀላለዳሉ። ያን ዕለት የመቀስ ድምፅ ብቻ ነበር። ከውስጥ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ይመጣል፤ ከጽጌረዳው ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። አንዷ አሳለች። ሌላዋም አሳለች። ሰዓቴን አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ከመሐል መስመር የሚሰማው መቀስ ዝም አለ። መልሶ ይጀምራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጀመረም።

ጫልቱ በሁለቱ መደብ መካከል በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር። ላቧ ይንጠባጠባል፣ አፏ ምራቅ መያዝ አቅቶታል። የአበባ ጋሪ ላይ አስተኝተን አወጣናት፤ ሌሎቹም እየተደጋገፉ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ በራሱ መኪና ክሊኒክ ሲያደርሰን መሪውን እንደያዘ ሳያየኝ "ጾም ላይ ናት አይደል? ባዶ ሆዷን ሠርታ ነው በያቸው" አለኝ።

ነርሷ "ምን ነክቷት ነው?" ስትለኝ እንዳለኝ አደረግሁ። "ጾም ላይ ናት" አልኩ። ነርሷ ግሉኮስ ልታመጣ ወጣች።

ጫልቱን አየኋት። የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሊናገሩት የማይገባ ነገር ተናግሬ፣ ያውም በጾም አሳብቤ፣ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ነርሷን ተከትዬ ሮጥኩ። ባንዲራውን ከኪሴ አውጥቼ ያዝኩላት። "መድኃኒት የተረጨበት ነው። አውቄ ነው ያስገባኋት" አልኳት። ወዲያው መርፌው ተቀየረ፤ በአምቡላንስ አዲስ አበባ ወሰዷት።

ማምሻውን ለኦቦ ገመቹ ሆስፒታሉ በር ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል፣ ይመቱኛል ብዬ ነበር። "እሷ ያመነችው አንቺን ነው" አሉና ትተውኝ ገቡ።

በማግስቱ ያደረግሁትን ጽፌ ፈረምኩ፣ ጋዎኑንና ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሳያነብ "ሌላ ሰው ይገኛል" አለኝ። ስወጣ በአዳራሹ በኩል አለፍኩ። ሰሌዳው ላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ያን ያህል መሥዋዕት ያቀረብኩለት ቦታ እኔን ለመርሳት አንድ ቀን አልፈጀበትም።

ጫልቱ ዳነች። አሁን ሱሉልታ ነው የምትኖረው፤ ባል አላት፣ ልጆች አሏት። እጆቿ ግን እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣሉ፤ ልብስ ስትሰፋ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የምታስገባላት ልጇ ናት።

የማስተምራቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዳንዴ ስለ ዘመኑ ጣዖት ይጠይቁኛል። ስልክ ነው ወይም ኳስ ነው እንድላቸው ይጠብቃሉ። ምን እንደሆነ አላውቅላቸውም፤ የየሰዉ የተለያየ ነው። የኔው አንድም ቀን ስገጂልኝ አላለኝም። ቶሎ በይ ብቻ ነው ያለኝ።

ጫልቱ ይቅር ብላኛለች፤ ደጋግማ ነግራኛለች፣ አምናታለሁም። በየበዓሉ ቤቷ እሄዳለሁ። ብቻ አንድ ነገር አለ። ሻዩ ፈልቷል ስላት ተነስታ ክዳኑን ከፍታ ታያለች። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ናቸው ስላት ወጥታ ትቆጥራቸዋለች። አውቃ የምታደርገው አይመስለኝም። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ቁጭ እላለሁ።