የዕድራችን የሕመምተኞች ዝርዝር

ኮሮና አቃቂ በገባ ሰሞን የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበርኩ። የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው፤ ሌላ ችሎታ አልተጠየቅኩም።

ሊቀመንበራችን ሬዲዮ ላይ የሰሙትን ሁሉ ሥራ ላይ የሚያውሉ ጡረተኛ ነበሩ። አንድ እሑድ፣ በሽታው ስኳር፣ ደም ግፊትና አስም ባለበት ሰው ላይ እንደሚበረታ ሰሙና ኮሚቴውን ሰበሰቡ። ተጓዳኝ ሕመም ያለበት አባል ለቅሶ ቤት እንዳይቀመጥ፣ ቀብር እንዳይወጣ፣ ድንኳንም እንዳይተክል ተወሰነ። ለምን ቀረህ ተብሎም አይጠየቅም። ቤት ለቤት ዞሮ መመዝገቡ ለእኔ ተሰጠ። ውሳኔው ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነበር እላለሁ። የረሳነው ነገር ቢኖር፣ ዕድር መዝገብ ይዞ ሰው ቤት ሲመጣ ሰው ምን እንደሚያስብ ነው።

የመጀመሪያውን በር የከፈቱልኝ ሴትዮ መዝገቡን ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ። ግፊት ያለበትን ሰው ልመዘግብ ነው።»

«ታዲያ ሊሞት ነዋ።»

ነጠላቸውን መለሱ። ግፊታቸውን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ በየድግሱ ጨው የሌለበት ወጥ ለብቻ የሚወጣላቸው እሳቸው ናቸው። «ነበረብኝ፤ ጸበል ከገባሁ ወዲህ እንጃ። ያቺን የፊት ለፊቷን ጻፋት፣ የባሰባት እሷ ናት» አሉኝ። ሄድኩ። የፊት ለፊቷ ደግሞ ወደ እሳቸው መለሰችኝ።

ሦስት ቀን ዞርኩ። አስም ያለበት ባለባጃጅ መድኃኒቱን አፉ ውስጥ እየነፋ፣ «ብራዘር፣ ይሄ እኮ የአቃቂ አቧራ ነው፤ አስፋልት ቢሠራ ይለቀኛል» አለኝ። እሱንም መጻፍ አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን መዝገቤ ላይ የነበረው ርዕሱ ብቻ ነው። ርዕሱን በደንብ አስምሬበታለሁ።

የቀረኝ የራሴ ቤት ነበር። አባቴ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራው የዕድሩ ድንኳን ሆኗል። የትኛው ብረት ከየትኛው እንደሚገጥም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ብረቶቹ ላይ ምልክት ይደረግባቸው ሲባል፣ «ለምን ሲባል? እኔ እያለሁ?» ይል ነበር። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ያዝናል፣ ውሸት የለበትም፤ ጫማውን ሲያስር ግን እጁ ይፈጥናል።

ስኳርና ግፊት እንዳለበት ማንም የሚያውቅ አይመስለውም፤ እኔም ጭምር። ኪኒኖቹን የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ያስቀምጣል። በየወሩ ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ሳሪስ ዘመድ ልጠይቅ ነው» ይላል። ሳሪስ ዘመድ የለንም። አንድ ቀን ኮቱን ላጥብለት ኪሱን ስፈትሽ የክትትል ካርዱን አገኘሁ። አነበብኩትና መልሼ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ሳሪስ ደርሶ በመጣ ቁጥር ካርዱን እያወጣሁ አያለሁ። አባትና ልጅ በዚህ መልኩ ዓመታት ኖርን።

መዝገቡን ይዤ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«እኔንም ልትመረምረኝ ነው?»

«ሁሉንም ነው የምጠይቀው፣ አባባ።»

«እኔ ምን አለብኝ?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑንም ከእኔ ላይ ቶሎ አላነሳም። አንድ ቃል ብናገር ድንኳኑን እቀማዋለሁ። በር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሌሎች ያቆሙት ድንኳን ሲጋደል እያየ ሲውል ታየኝ።

«ምንም የለብህም» አልኩት።

«በል እንግዲህ» አለና ቫይታሚኑን ዋጠ።

ሊቀመንበሩ ባዶውን ዝርዝር ሳስረክባቸው መነጽራቸውን አድርገው ፊትና ኋላውን አዩት። «ተመስገን፣ ጤነኛ ሰፈር ነው ያለን» አሉ። የምራቸውን ይሁን አይሁን አልጠየቅኳቸውም።

ክረምት ላይ አንድ ጎረቤታችን ሞቱ። አባቴ ተጠራ። «ማስክ አድርጌ ትእዛዜ አይሰማም» ብሎ ማስኩን አገጩ ላይ አወረደና፣ ዝናብ እየወረደበት ድንኳኑን አቆመ። ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ሥር ዋለ። በሳምንቱ ሳል ጀመረው። ከዚያ ከወንበር ተነስቶ አልጋው ጋ መድረስ ሲያቅተው ለይቶ ማከሚያ ወሰድኩት።

መቀበያው ላይ ኦክስጅን አደረጉለት። ዶክተሯ ከላይ እስከ ታች ተሸፍናለች፤ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው።

«ተጓዳኝ ሕመም አለባቸው?»

«ስኳርና ግፊት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነገርኳት። የሚወስዳቸውን ኪኒኖች፣ ጠዋት ስንት ማታ ስንት እንደሆነ፣ መጨረሻ ሲለካ ስኳሩ ስንት እንደነበረ፣ ኮሮናን ፈርቶ የቀረበትን ቀጠሮ ሳይቀር ነገርኳት። እየጻፈች ስለነበር ቀስ እንድል ለመነችኝ። ያን ሁሉ በቃሌ መያዜን እኔም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ወረቀቷን ይዛ ስትሄድ አባቴ የኦክስጅኑን መሸፈኛ ከአፉ ከፍ አደረገ።

«ታውቅ ኖሯል» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍከኝም?»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው፣ አባባ።»

ትንፋሹን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደበት።

«እኔ እኮ የጠየቅኩህ እንድትነግረኝ ብዬ ነው። ራሴ መናገሩ ከብዶኝ ነበር።»

መሸፈኛውን መልሼ አደረግኩለት። አልጋውን ገፍተው ሲያስገቡት ልከተል ስል ዘበኛው በሩ ላይ መለሰኝ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።