በተነቀለ ማይክ የነፋሁት ሳክስፎን

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ሌሊት ቦሌ ላይ "ዕቃው ካርጎ ይግባ" ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ ሳክስፎኔን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በረርኩ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ስቱዲዮ ለስቱዲዮ ስዞር ነው። ዘፋኝ ይጠራኛል፣ ነፍቼ እወጣለሁ፤ ዘፈኑን አገር ያውቀዋል፣ እኔን ማንም አያውቀኝም። ካናዳ ጃዝ የሚሰማ ሕዝብ አለ ሲሉኝ፣ እዚያስ ሰሚ አገኛለሁ ብዬ ወጣሁ።

ምን ዋጋ አለው! የካልጋሪ ብርድ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ነፊ ያለ ከንፈር ምን ሊሆን? ቀን ቀን ዴሊቨሪ እሠራለሁ። ቅዳሜ የስደተኛው መንገድ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ከኮሎምቢያውያን ጋር ሳልሳ እነፋለሁ። እነሱ ስትነፋ ዞር ብለው ያዩሃል፣ ደስ ሲላቸው ይጮኹልሃል። የእኛ ሰው ግን "የራስህ ወገን እያለ እነሱ ዘንድ ምን ትሠራለህ?" ይለኛል። ይጥራኛ!

ባለፈው በጋ አንድ የእኛ ዘፋኝ ኮል አደረገልኝ፤ ራንድል ሰፈር ሠርግ አለ፣ ሳክስ እንፈልጋለን አለ። ደስታዬ! ሱፌን አስተኩሼ ሄድኩ። ገና ከመድረሴ ላፕቶፑን ከፍቶ የእኔን ማይክ ነቀለው።

"ምነው?"

"የተቀዳ ትራክ አለን። አንተ ዝም ብለህ ጣትህን አንቀሳቅስ፤ ለቪዲዮ ያምራል።"

ትራኩ ተከፈተ። ወይ ጉድ! አዲስ አበባ ስቱዲዮ የቀዳሁት የራሴ ሳክስ ነው!

"ወንድሜ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ!"

"ታዲያ ምን ጎደለህ? የምትሰማው አንተው ነህ።"

ደሜ ፈላ። ጥዬ ልወጣ ስል ሙሽሮቹ ገቡ። በሰው ሠርግ ጠብ ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት። ግን አስመሳይ አይደለሁም! ትራኩን ትቼ የራሴን ነፋሁ፤ ንዴቴን፣ ስድቤን፣ ሁሉንም። በዚያ የስፒከር ጩኸት ማን ሊሰማኝ? ሕዝቡ እስክስታውን ወረደ።

ቪዲዮው ሲለቀቅ አባቴ ከአዲስ አበባ ደወለ። ጡረታ የወጣ የማርሽ ባንድ ትራምፔት ነፊ ነው። ሊያሞግሰኝ መስሎኝ በአፍረት ተሸማቀቅኩ።

"ድምፁ የድሮው ነው" አለኝ። "ጣትህ ግን ሌላ ነው የሚነፋው።"

"ማይኩን ነቅለውብኝ ነበር፣ አባዬ።"

"ገብቶኛል። ደጋግሜ አየሁት፣ ልደርስበት አልቻልኩም። ጭፈራው ሊያልቅ ሲል፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ምን ነበር የነፋኸው? እስቲ አሰማኝ።"

ሳክስፎኑን አነሳሁ። ከንፈሬ ላይ አደረግኩት። በንዴት የነፋሁት ነው፤ አንዲት ኖታ እንኳ አላስታውስም።

"ልጄ፣ አለህ?" ይላል አባቴ። "እየሰማሁ ነው እኮ።"