በሠርጌ ካሴት ጭራ ላይ የተገኘው ዘበኛ

የዚያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ነሐሴ 1998 ነው። አቃቂ ላይ ነሐሴ ሲዘንብ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ላለው ሰው መጮህ አለበት። ባለቤቴ ሻፊ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ጆሮውን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ነበር። ጭቃው እስከ ደረጃው ደርሷል፤ ደንበኛ የለም። ደንበኛማ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰው ሁሉ ወደ ቪሲዲ ሲዞር የእኛ ቪዲዮ ቤት ግድግዳው ጥቁር ካሴት እንደተሸከመ ቀረ።

ካሴቶቹ ፊልም ቢሆኑ ኖሮ ባልተናደድኩ። ሻፊ የሚያስቀምጠው ከቴሌቪዥን የተቀዳ ነገር ነው፦ የድሮ የበዓል ፕሮግራም፣ የልጆች ተረት፣ የሳሙና ማስታወቂያ፣ ዜና አንባቢዋ ደህና እደሩ ስትል። ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት የሚታየው ባለቀለም መስመር እንኳ ሁለት ካሴት ሙሉ አለው።

«ይኼን ማን ያየዋል?» ስለው፣

«አንድ ቀን ይፈለጋል ዘኪ» ይላል።

ጥቅምት ሲገባ ሰው በርበሬ ሲያሰጣ እሱ ካሴት ያሰጣል። በሰፌዴ ላይ ደርድሮ ጥላ ስር ያናፍሳቸዋል፤ ሻጋታውን በጥጥ ይጠርጋል፤ ቅርፊቱ የተሰበረውን ጥቁር ፊልሙን እንደ አንጀት አውጥቶ ሌላ ቅርፊት ውስጥ ይከተዋል። መልካም የሆኑትን በጥፍር ቀለሜ ምልክት ያደርግባቸዋል። እኔ ጥፍሬን ከተቀባሁ ስንት ዓመቴ፣ ቀለሙ ግን በየዓመቱ ያልቃል። የልብስ ቁምሳጥኔ ግማሹ የእነሱ ነው። አልጋችን ከፍ ያለው እግሩ ረዝሞ አይደለም።

በዚያ ዝናብ ጋሽ ዱሬሳ ኮታቸው በስብሶ ገቡ። ጋሽ ዱሬሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ከተማው ሳይመጣ በፊት እዚሁ ሲያርሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በሰፈሩ ግን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። «ቲቪ» ነው የሚባሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1985 ዘመን መለወጫ ዋዜማ የፋብሪካው የኪነት ቡድን ቴሌቪዥን ላይ አጭር ድራማ አቅርቦ ነበር። ጋሽ ዱሬሳ የፋብሪካ ዘበኛ ሆነው የሚሠሩ ዋናው ተዋናይ ነበሩ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው አሳቁ። በዚያች ሰዓት ግን አቃቂ በሙሉ መብራት የለም። ቃሊቲ አለ፣ ሳሪስ አለ፣ አቃቂ ድርግም። የገዛ ጎረቤቶቻቸው አላዩአቸውም። ቡድኑም በዓመቱ ተበተነ። ጋሽ ዱሬሳ ለአሥራ አራት ዓመት «እኔ በቴሌቪዥን ታይቻለሁ» ሲሉ፣ ሰፈሩ ለአሥራ አራት ዓመት ሲስቅባቸው ኖረ።

ሳቁን ለምደውት ነበር። አሁን ግን ነገሩ ከበደ። የእድራችን ዳኛ ታመው ቦታውን ሊለቁ ስለሆነ መስከረም ላይ ምርጫ አለ፤ ጋሽ ዱሬሳ ተጠቁመዋል። ልብስ ሰፊው ወልደሰንበት ታዲያ በሰው ፊት ተነስቶ «ዋሾ ዳኛ አንፈልግም» አለ። ከጋሽ ዱሬሳ ጋር እኩያ ናቸው፤ ሲቀላለዱ ነው የኖሩት። የዚያን ቀን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ዳኝነቱ ይቅርብኝ» አሉ ጋሽ ዱሬሳ ከዝናቡ በላይ እየጮሁ። «ግን ልጆቼ የዋሾ ልጅ ተብለው ሊቀሩ ነው። ሻፊ፣ አንተ የሳሙና ማስታወቂያ ሳይቀር ሰብስበሃል። እኔን እንዴት አጣኸኝ?»

ሻፊ ጆሮውን ከመስተዋቱ አነሳ።

«አላጣሁዎትም ጋሼ። እኔው ራሴ ቀድቼዎት ነበር!»

ያኔ ሻፊ ሳሪስ፣ የአጎቱ ልጅ ቪዲዮ ቤት ይሠራ ነበር። ዋዜማውን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀድቷል፤ ዘበኛውንም ያስታውሳል። ግን በዚያን ጊዜ አዲስ ካሴት እንደልብ አይገኝም። ሠርግ የሚቀርጸው ሰው ካሴት ሲያጥረው ከመደርደሪያቸው አንዱን ያነሳና በላዩ ላይ ይቀርጻል። ያ ካሴት የሆነ ሰው ሠርግ ሆኗል።

«ጠፋሁ በለኛ!» አሉ ጋሽ ዱሬሳ።

«የለም! ካሴቱ ሦስት ሰዓት ነው። የትኛው ሠርግ ሦስት ሰዓት ይሞላል? ከሠርጉ በኋላ የሚተርፈው ጭራ አለ። የእናንተ ድራማ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የቀረበው። እርስዎ የአንድ ሰው ሠርግ ጭራ ላይ ቆመዋል ጋሼ።»

እንዲህ ተብሎ የሳሪስን ሙሽሮች ፍለጋ ተወጣ። ሻፊ ከአጎቱ ልጅ ጋር ተቀምጦ ከዚያ ዋዜማ እስከ 1988 ድረስ በእነሱ ካሴት ሠርጋቸው የተቀረጸላቸውን ዘጠኝ ሰዎች አስታወሰ። ሁለት ወንዶች ሰው ቤት ሄደው «የሠርግሽን ካሴት አሳዪን» ቢሉ ስለማያምር እኔም ተጎተትኩ። ሥራዬን ማን እንደሚሠራልኝ የጠየቀኝ የለም።

መጀመሪያ የሄድነው ኡሙልኸይር ቤት ነው፤ ሳሪስ የብርድ ልብስ ሱቅ ያላት ደርባባ ሴት ናት። ካሴቱን በጥልፍ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችው። ሻፊ ማጫወቻ ዴኩ ውስጥ ከተተና ጣቱን ወደ ማሳለፊያው ላከ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«ወደ መጨረሻው ላሳልፈው ብዬ ነው እህቴ።»

«ሠርጌን ልታሳልፈው? አባቴ ሲመርቁኝ ሳታይ? ነፍሳቸውን ይማርና!»

ሻፊ ጣቱን መለሰ። የሰው ሠርግ በባለቤቷ ፊት አይሮጥም፤ ይኼን ሳያስብ ነበር ከቤት የወጣው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ተቀመጥን። ሙሽሪት ስትወጣ «ማሻ አላህ» አልን። ሙሽራው ሲገባ «ማሻ አላህ» አልን። አንድ አክስት ስትጨፍር ጋሽ ዱሬሳ እንቅልፍ ወሰዳቸውና አንኮራፉ፤ እኔ በክርኔ ስነካቸው ነቅተው «ማሻ አላህ!» አሉ። መጨረሻ ላይ ሠርጉ ተቆረጠና ጭራው መጣ፤ የእግር ኳስ ጨዋታ። ጎል ሳይገባ አለቀ።

ጋሽ ዱሬሳ ተነፈሱ። ሻፊ ግን ፊቱ በርቷል። «ይኼ ጨዋታ እኮ የትም የለም!» አለና ካሴቱን ለመቅዳት ቀጠሮ ያዘ።

በሦስት ሳምንት ዘጠኝ ሠርግ ጨረስን። የራሴን ሠርግ ያህል ደክሞኛል። በየጭራው ያገኘነው ግማሽ ዜና፣ የ1986 የአየር ጠባይ፣ ስለ ዶሮ በሽታ የሚያወራ ሐኪም ነው። ሻፊ ለእያንዳንዱ ወርቅ እንደተገኘ ይዘላል። ጋሽ ዱሬሳ ግን ከቀን ወደ ቀን ተስፋ እየቆረጡ ሄዱ።

ከዘጠነኛው ሠርግ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሻፊን ጠየቅኩት።

«የእኛስ? እኛም እኮ በ1988 ነው የተጋባነው።»

«የእኛ አዲስ ነው። ማሸጊያ ላስቲኩን በወንድሞችሽ ፊት ቀድጄ ካሴቱን እንዳወጣሁት ረሳሽው?»

«አልረሳሁም» አልኩ። ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔም ለረዳቱ ሒሳብ ከፈልኩ።

በማግስቱ ጋሽ ዱሬሳ ሱቅ መጡ፤ አልተቀመጡም።

«ስሜን ከጥቆማው አስወጣለሁ» አሉ። «እስኪ እንዲህ አድርጌ ላስበው፤ ምናልባት እኔም አልታየሁ ይሆናል። ሰው አሥራ አራት ዓመት ዋሾ ሲሉት እሱም ይጠራጠራል።»

ሻፊ አንገቱን ደፍቶ ንጹሑን የዴክ ራስ በጥጥ ይወለውላል። ከዚያ ጥጡን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባና የሠርጋችንን ካሴት ይዞ ወጣ።

«ዘኪ» አለኝ፣ ጋሽ ዱሬሳን ሳያይ፣ «ላስቲኩ የሌላ ካሴት ነበር። በእሱ ላስቲክ ከአጎቴ ልጅ መደርደሪያ ያነሳሁትን አሮጌ ካሴት ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። ወንድሞችሽ ለእህታችን አሮጌ ካሴት አመጣ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሠርጉ ማግስት። ጎኑ ላይ ጽሑፍ ተፍቆ ነበር።»

«ታዲያ አሥር ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ጋሽ ዱሬሳ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። «ልጆቼ፣ ጠቡን በኋላ ትደርሱበታላችሁ። እባካችሁ ክተቱት።»

በእኛ ቤት ሠርጉን ከማሳለፍ የሚከለክል የለም፤ እኔ እንኳ ተቃውሞ አላሰማሁም። መጨረሻው ላይ እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ስነፋረቅ ታየሁ፤ ምስሉ ተንሰፈሰፈ፤ ከዚያ ዘበኛ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ቀጭን፣ ጢም ያለው ዱሬሳ። ጋሽ ዱሬሳ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሻፊ ወዲያው አጠፋው፤ ፊልሙ ከሻገተ ቆይቷል፣ ብዙ ካጫወትነው ይበጠሳል ብሎ ፈራ።

የእድሩ ጉባኤ የመስከረም ሁለተኛው እሑድ ጠዋት ነበር። ቴሌቪዥኑንና ዴኩን ድንኳኑ ውስጥ አቆምን፤ መብራቱን በረዥም ገመድ ከጎረቤት ሳብን። ሻፊ ጣቱን ወደ ማሳለፊያው ሲልክ ወልደሰንበት ከፊት ወንበር ተነሳ።

«እንዳታሳልፈው! ካሳለፍከው መሀል ላይ ምን እንደቀጠልክበት በምን አውቃለሁ? ከመጀመሪያው ይታይ!»

«አዎ፣ ከመጀመሪያው!» አሉ ሴቶቹ። እነሱ ስለ ቅጥያ ግድ የላቸውም፤ ሙሽራዋን ማየት ነው የፈለጉት።

እንዲህ ሆኖ መቶ ሃያ የእድር አባል ሠርጌን ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ተመለከተ። ፀጉሬ ታማ፤ ቀሚሴ ተገመገመ። «ሻፊ ያኔ ፀጉር ነበረው እንዴ?» አለች አለሚቱ፣ ጎረቤቴ። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ቆሜ ነበር። በመጨረሻ መኪናው መጣ፣ እኔ አለቀስኩ፣ ምስሉ ተንሰፈሰፈ፤

መብራት ሄደ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። «ይኸው!» አለ ወልደሰንበት፣ «መብራቱ ራሱ አንተን ላለማሳየት ምሏል!»

ጋሽ ዱሬሳ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መሰለኝ። ወደ ፊት ወጡ እንጂ አልሄዱም።

«ወልደሰንበት፣ ክር አለህ?»

ልብስ ሰፊ ኪሱ ውስጥ ክር አያጣም። ወልደሰንበት ግራ ገብቶት አንድ ጥቅል ነጭ ክር አቀበላቸው። ጋሽ ዱሬሳ ጥቅሉን ባርኔጣቸው ውስጥ ደበቁ፤ ጫፉን ምሰሶው ላይ አሰሩ። ከዚያ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ዘበኛ ሆኑ።

«ቁም! ፈትል ይዞ የሚወጣ አለ ተብሏል! እጅ ወደ ላይ! አንቺም! ጫማ ይውለቅ!» እያሉ የፊተኛውን መስመር አንድ በአንድ ፈተሹ። በተራመዱ ቁጥር ክሩ ከባርኔጣቸው እየተፈታ ይከተላቸዋል። የሰው እግር ላይ ተጠመጠመ፣ ወንበር ላይ ተጠመጠመ። እሳቸው አያዩትም። «ሌባው እዚሁ አካባቢ ነው፤ ይሸተኛል!» እያሉ ዞረው ዞረው ክሩ የገዛ እግራቸውን አሰረ። ጎንበስ ብለው አዩት። በጣታቸው ቀስ እያሉ ተከትለው ባርኔጣቸው ጋ ደረሱ። አወለቁት። ውስጡን አዩ። መልሰው አደረጉት።

«እኔን ማን ይፈትሸኛል?» አሉ።

ድንኳኑ ፈነዳ። አለሚቱ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ወልደሰንበት ግን ከሳቁ መለስ ብሎ «ችሎታ አለህ፣ ማን ካደ! ቴሌቪዥኑ ግን የታል?» አለ።

አርባ ደቂቃ ጠበቅን። አንድም ሰው አልሄደም። መብራቱ ሲመጣ ሻፊ ዴኩን ነካ። ዘበኛው ወጣ፤ ባርኔጣ፣ ክር፣ «ቁም! ፈትል ይዞ የሚወጣ አለ ተብሏል!» ያው ቃል፣ ያው እርምጃ። ሰዉ ገና አሁን ሰምቶት ስለነበር ከቴሌቪዥኑ እኩል ይለዋል። መቶ ሃያ ሰው ባንድ ድምፅ «እኔን ማን ይፈትሸኛል?» ሲል ጋሽ ዱሬሳ ምሰሶውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ክሩ ገና እግራቸው ላይ ነው።

በምርጫው መጀመሪያ እጁን ያወጣው ወልደሰንበት ነው። «ያኔ መብራቱን ያጠፋብንን ሰው እግዜር ይቅር ይበለው እንጂ እኔማ ምን ላድርግ» አለ። ሌላ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ጋሽ ዱሬሳም አልጠበቁ። ክሩን ብቻ ጠቅልለው መለሱለት።

ሻፊ ከዚያ በኋላ ሥራ አገኘ። ከቡድኑ የቀሩትን ሰዎች እየዞረ አስፈቀደና ድራማውን ከሌሎቹ ጭራዎች ጋር «የድሮ በዓል» ብሎ በቪሲዲ አወጣው። ሰው ሁሉ ለዘመን መለወጫ የሚፈልገው እሱን ሆነ። አቆራረጡን ግን በደንብ ስላልቻለበት ቪሲዲው የሚጀምረው እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ስነፋረቅ ነው። ቃሊቲ ገበያ የማላውቃት ሴት አስቁማኝ «ያቺ የምታለቅሰዋ አንቺ ነሽ?» ብላኛለች። አዎ አልኳት፤ ምን ልበል።

የላስቲኩም ወሬ ወጣ። ጋሽ ዱሬሳ በስማቸው መጠራት ሲጀምሩ ሰፈሩ አንድ ቅጽል ስም ተረፈው፤ ለሻፊ ሰጡት። «ላስቲኩ» ይሉታል።

አሁን 2008 ነው። ጋሽ ዱሬሳ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ላስቲኩ ሻፊ እዚያው ሱቅ ተቀምጦ በሰው ስልክ ላይ ዘፈን ይጭናል፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ካሴቶች አሉት፤ እኔም በላያቸው ላይ እተኛለሁ።