ከእማማ ዘነበች በር የፈታሁት ጨርቅ

ሰሞኑን የልጄ ልጅ ምሕረት ከዱራሜ ስትመለስ ጫማዋን ደጃፍ ላይ አውልቃ፣ እግሯን እያሻሸች፣ «አያቴ፣ ዛሬ የዞርኩት መዞር» አለችኝ። ሥራዋ አረጋውያን የሚጦሩባቸውን ቤቶች እየዞሩ መመርመር ነው። የመውጫው በር ይከፈታል ወይ፣ የእሳት ማጥፊያው ጊዜው አላለፈበትም ወይ፣ አደጋ ሲመጣ ማን ማንን እንደሚያወጣ ሠራተኞቹ ያውቃሉ ወይ እያለች ትጠይቃለች፤ ወረቀቷ ላይ ምልክት ታደርጋለች። የዚያን ቀን ዝናቡ መንገዱን ሙሉ አልለቀቃትም ነበርና ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ወንበር ላይ ዘረጋቻቸው። እኔም የተቀቀለ ድንች በዳጣ አቀረብኩላት። እየበላች፣ «በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ቁጥጥር ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ነበር» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

ዕድሜዬ ወደ አሥራ ስምንት ቢሆን ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አባቴ ወንድሞቼን ልኮ ለእኔ «የእንሰቱ ሥራ ይበቃታል» ስላለ ቀረሁ። ፊደልን የቆጠርኩት ኋላ፣ ወልጄ ከከበድኩ በኋላ፣ ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው። ታዲያ ያኔ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ወደ ሌሞ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚኖሩበት አንድ ግቢ ነበር። እዚያ ተቀጠርኩ። ቤቱ ረጅም የጭቃ ቤት ነው፤ ክፍሎቹ በተርታ ሆነው ሁሉም ወደ አንድ በረንዳ ይከፈታሉ። ጫፉ ላይ ማድ ቤቱ ተጠግቶታል፤ የማድ ቤቱ ክዳን ሣር ነበር። ሥራዬ ማጠብ፣ ማብላት፣ ልብስ መቀየር፣ ፀሐይ ላይ ማውጣትና መመለስ ነበር። ደክሞኝ አያውቅም። ሰው በዚያ ዕድሜ ምን ይደክመዋል።

ከሁሉም የምወዳቸው እማማ ዘነበችን ነበር። የሌሞ ሴት ናቸው። በጉልምስናቸው እንሰት ለመፋቅ ሴቶች ሲሰባሰቡ ከፊት የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ አሉ፤ እሳቸው ሁለት ፍቀው ሌላዋ አንዱን አትጨርስም። ክንዳቸው በእርጅናም የወንድ ክንድ ይመስል ነበር። ልጆቻቸው በሞት ቀደሟቸው፤ ከዚያ እግራቸው ከዳቸው። መቀመጥ ይችላሉ፤ መቆም ግን የለም። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይነሳ አጥቤያቸው፣ ነጠላቸውን አልብሼ፣ በራቸው ላይ ወንበር አድርጌ አስቀምጣቸው ነበር። ወደ ግቢው የገባ እንግዳ አሁን ከሥራ አረፍ ያሉ እንጂ ሰው ተሸክሞ ያወጣቸው አይመስለውም። የገበያ ቀን የድሮ የሥራ ጓደኞቻቸው ቡላ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይመጡላቸዋል። «ደህና ነሽ?» ሲሏቸው፣ «እንዲያው ጉልበቴ ትንሽ ሰነፈ እንጂ» ይሏቸዋል። በእኛ ዘንድ ታላቅን ሰው፣ ያውም እንግዳ ፊት፣ «አይችሉም» አይባልም። ነውር ነው። እኔም በዚያው ነው ያደግሁት።

አንድ ቀን ከአውራጃው አንድ ተቆጣጣሪ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የግቢው አስተዳዳሪ ጋሽ ኤርሲዶ ከጠዋት ጀምሮ ሲያሯሩጡን ነበር። በየማዕዘኑ ለእሳት ተብሎ የተቀመጠው የአሸዋ ባልዲ ውስጥ ዶሮዎች ዕንቁላል ይጥሉበት ስለነበር መጀመሪያ የተባረሩት ዶሮዎቹ ናቸው። ተቆጣጣሪው የማድ ቤቱን ሣር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ በነፋስ ቀን ቤቱን ይዞ ይሄዳል» አሉ።

«ቆርቆሮ ይመጣል ጌታዬ» አሉ ጋሽ ኤርሲዶ።

«እስኪመጣስ?»

እስኪመጣ የታዘዘው ይህ ነው፤ ራሱን ችሎ መውጣት በማይችል ሰው በር ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር። እሳት ቢነሳ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ ጨርቅ ያለበት በር ይግባ፤ ሌላው በራሱ ይወጣል። አብዛኞቻችን ማንበብ ስለማንችል በወረቀት አልሆነም። ብልህ ሰው ነበሩ፤ አሁን ሳስበው።

ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከእማማ ዘነበች አጠገብ ዓይነ ስውሩ አባባ ሎምበሶ ይኖሩ ነበርና ወሬውን ሲሰሙ፣ «ምነው ዘነበች፣ በርሽን ያስጌጡት ልትዳሪ ነው?» አሏቸው።

«አንተስ በርህ ላይ የለም?»

«አለ አሉ። እስካሁን ግን አላየሁትም።»

ግቢው ሁሉ ሳቀ። እማማ ዘነበች ግን አልሳቁም። የዚያን ዕለት ምሳቸውን መለሱት። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ በሩ ላይ ላስቀምጣቸው ብል እምቢ ብለው ውስጥ ቀሩ። ሴቶቹ ሲመጡ «ተኝተዋል» በይልኝ አሉኝ፤ አልኩላቸው። ቡላውን ተቀብዬ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ያን ነገር ፍቺልኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ትእዛዝ ነው እኮ።»

«ማን ያያል? አንቺ አለሽ አይደል? አንቺ እያለሽ ጨርቅ ምን ያደርጋል?»

እውነት መሰለኝ። እኔ አለሁ። ቁጭ ብዬ ባስብ ኖሮ ሁልጊዜ እንደማልኖር ይገባኝ ነበር፤ ግን ደስ አለኝ፤ ለእሳቸው ከትእዛዝ በላይ መሆኔ ደስ አለኝ። ፈታሁትና ኪሴ ከተትኩት። በሳምንቱ እማማ ዘነበች ነጠላቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ሆነው ሴቶቹን ተቀበሉ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የልጅ ሥራ እለው ነበር። ከጥምቀት በፊት ተቆጣጣሪው ተመልሰው መጡ። ጋሽ ኤርሲዶ ማድ ቤቱ ጋ ቀርተው፣ እሳቸው በሮቹን እያዩ ሲያልፉ እኛ ጋ ቆም አሉ።

«እኚህ እናት ጨርቅ የላቸውም?»

«ይነሳሉ» አልኩ።

«ራሳቸው ይወጣሉ?»

«ይወጣሉ ጌታዬ።»

መምጣታቸውን ቀድመን ስለሰማን እኔና እማማ ተለማምደን ነበር። እሳቸው በአንድ እጃቸው የበሩን መቃን ይዘው ብድግ አሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ፣ ከነጠላው ሥር መቀነታቸውን በሁለት እጄ ጨብጬ ይዣለሁ። ክብደታቸው ሁሉ ክንዴ ላይ ነበር። ከፊት ለሚያየው ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ተቆጣጣሪው ፈገግ አሉ፤ «እግዚአብሔር ያበርታዎት» ብለው ወረቀታቸው ላይ ምልክት አድርገው አለፉ። መኪናቸው ከግቢው ሲወጣ ሁለታችንም አልጋው ላይ ተዘረርን። የሳቅነው ሳቅ ዛሬም ይሰማኛል።

የካቲት ገባ። የሆሳዕናን የካቲት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መሬቱ ደርቆ አቧራው ከነፋሱ ጋር ይነሳል፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። የገበያ ቀን ነበርና ቆጮና ጨው እንዳመጣ ተላክሁ፤ ነፋሱ ስለበረታ እማማ ዘነበችን በራቸው ላይ አላስቀመጥኳቸውም ነበር። በእኛ በኩል ላሉት ክፍሎች በእኔ ምትክ የቀረችው በቀለች ነበረች፤ የፎንቆ ልጅ፣ ሥራ ከጀመረች ሳምንት ያልሞላት። ጋሽ ኤርሲዶ የጎደለውን ሳያስተውሉ ጨርቅ ያለባቸውን በሮች አሳይተዋታል። እኔ ምንም አልነገርኳትም። ብነግራት ምስጢራችን ይወጣል ብዬ አስቤ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ ጭራሽ ትዝም አላለኝም።

ከገበያ በፈረስ ጋሪ ስመለስ ከዛፎቹ በላይ ጭስ አየሁ። ባለጋሪው፣ «ማሳ ነው የሚያቃጥሉት» አለ። ጠጋ ስንል ግን የሰው ጩኸት መጣ። ከማድ ቤቱ ሣር የተነሳው እሳት የቤቱን ጣሪያ ይዞታል። አዛውንቶቹ ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ አባባ ሎምበሶ ከመካከላቸው ሆነው፣ «የዘነበች ድምፅ የለም፣ የዘነበች ድምፅ የለም» ይላሉ። የሚሰማቸው አልነበረም። በቀለች ፊቷ ጥላሸት ለብሶ ቆማለች።

«እማማ ዘነበችስ?» አልኳት።

«እሳቸው እኮ ጨርቅ የላቸውም። ወጥተው አይደል?» አለችኝ።

ጎረቤቶች በር ሰብረው ገቡ። እማማ ዘነበች አልጋቸው ላይ አልነበሩም። በክንዳቸው መሬቱን እየሳቡ እስከ በሩ ደርሰው ነበር። መወርወሪያው በሩ ሲገጠም ራሱ ከላይ ይወድቃል፤ እሱን ለመክፈት የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፤ ከዚያ አላለፉም።

በሕይወት ወጡ። ጭሱ ግን ውስጣቸውን ይዞት ነበርና ሦስተኛውን ቀን አላለፉም። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ኤርሲዶ አጠገባቸው ቁጭ ብለው፣ «ጨርቁን ማን ፈታው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ውኃ ይዤ ቆሜያለሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ዘነበች።

«በምን እግርዎ ደርሰው?»

«ጨርቅ የሚፈታው በእጅ ነው።»

ጋሽ ኤርሲዶ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሰውም ጥፋቱን ምንም በማታውቀው በበቀለች ላይ ደመደመው። ከቀብሩ በኋላ ማንንም ሳትሰናበት ወደ አገሯ ሄደች። ከብዙ ዓመት በኋላ ፎንቆ ገበያ ላይ ቅቤ ስትሸጥ አገኘኋት። አቅፋ ሳመችኝ። የልጆቼን ደህንነት ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኚያን እናት እንዴት ሳላያቸው አለፍኩ እያልኩ እስከ ዛሬ በሕልሜ በር እከፍታለሁ» አለችኝ። እውነቱ አፌ ድረስ መጣልኝ። ሰው በዝቷል፣ ሌላ ቀን ረጋ ብዬ እነግራታለሁ አልኩ። ሌላ ቀን ስሄድ ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ነበር፤ በቀለች አርፋለች አለችኝ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ምሕረት መብላቷን ትታ ነበር። አልፈረደችብኝም፣ አላጽናናችኝምም። ተነስታ ከተዘረጉት ወረቀቶች አንዱን አነሳችና ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ አየችው።

«ዛሬ አንዲት እናት ተነስተው ቆመው አሳዩኝ» አለች። «የምትንከባከባቸው ልጅ ከኋላቸው ነበረች።»

«እጇስ የት ነበር?» አልኳት።

«አላየሁም» አለች።

«ተመለሺና እጇን እዪ» ብያት በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ዱራሜ ተመለሰች። ምን እንዳገኘች ገና አልነገረችኝም። ምናልባት ሴትዮዋ እውነት የሚቆሙ ይሆናሉ። የማይቆሙ ከሆነ ግን ይኼኔ በሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ልጅቷም ምሕረትን ጠልታታለች። ይህን አውቄ ነው የላክኋት። እኔ እማማ ዘነበችን እምቢ ብላቸው ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩብኝ ነበር፤ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት አያናግሩኝም ነበር። ከአክብሮት የቆጠርኩት ነገር ኩርፊያቸውን መፍራት ነበር ለካ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ያን ያልተኮረፍኩትን ኩርፊያ እመኘዋለሁ።