አባቴ ያልነዱት መኪና

አባቴ መኪና አልነበራቸውም፤ መሪ ጨብጠውም አያውቁም። መርካቶ ልብስ ሲሰፉ ኖረው እዚያው ያረፉ ሰው ናቸው፤ አውቶቡስ እንኳ ያጥወለውላቸው ነበር። እኚህን ሰው ነው እንግዲህ ሎስ አንጀለስ ላይ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አደሰ ብለው የጻፉባቸው። ይህ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ በደል ነው። የተበደልኩት ደግሞ እኔ ዘነበች ነኝ።

ባለፈው ግንቦት፣ የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ አስፋልቱን ሲሸፍን፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ የጥንት መኪናዎች ተደርድረው ነበር። ከልጅ ልጄ ከሜሮን ጋር ምሳ በልተን ስንወጣ አየሁት፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጣራው የተገለጠ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ። ወዲያው አወቅሁት፤ ተጠጋሁ። መስታወቱ ላይ የባለቤቶቹ ታሪክ ተለጥፏል። መነጽሬን ስላልያዝኩ ሜሮን አነበበችልኝ፦ «ሦስተኛው ባለቤት ሚስተር ወልደየስ። የተጣለውን መኪና በገዛ እጁ አደሰው።»

«አያቴ! ያንቺ ስም እኮ ነው!»

«የኔ አይደለም፤ የአባቴ ነው» አልኳት።

ያን መኪና ያገኘሁት ሃያዎቹን ሳጋምስ ነው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሃውቶርን በምትባል ከተማ የመኪና ወንበር ልብስ ከሚሰፋበት ሱቅ ተቀጥሬያለሁ። መኪናው የተከራየሁበት አፓርታማ ጓሮ በሸራ ተሸፍኖ ቆሞ ነበር። የጎረቤቴ የሊንዳ ባል አድሰዋለሁ ብሎ ገዝቶት ሳይጀምረው ሞተባት። «ባየሁት ቁጥር ያመኛል፤ የሚያንቀሳቅሰው ካለ ይውሰደው» ስትል፣ «እኔ አንቀሳቅሰዋለሁ» አልኳት። ወረቀቱን በስሜ አዛወረችልኝ።

ሸራውን ብገልጠው ወለሉ በዝገት ተበልቶ መሬቱ ይታያል፤ ወንበሩ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። መካኒክ የነበሩትን ጋሽ ታደለን ለምኜ አመጣኋቸው። ዙሪያውን ዞሩና፣

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው። ዘመድ የለሽም?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«ታዲያ ከኤርፖርት እንግዳ ስትቀበዪ ሻንጣውን ነው ሰውየውን የምታሳፍሪው?»

«አንዱን አድርሼ ለሌላው እመለሳለሁ።»

ሳቁና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እኔ አሳይሻለሁ እንጂ አልሠራልሽም፤ ይግባሽ» አሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜዬ እዚያ አለቀ። የበሰበሰውን ወለል ቆርጬ አዲስ ቆርቆሮ በየድኩ። የእንግሊዝ ብሎን የአሜሪካ መፍቻ አይቀበልም፤ ይህን እስካውቅ ስንት ጊዜ ጣቴን ላጥኩት። ቆዳውን በአሮጌው ልክ ቀድጄ ሰፋሁ። ምሳችን ከፌርፋክስ የሚመጣ የምስር ሳምቡሳ ነበር፤ ኮፈኑ ላይ እናስቀምጠውና በዘይት በጠቆረ እጃችን እንበላዋለን። ለሞተሩ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ሁለት ነው። ጋሽ ታደለ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ካርቡራተሩ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ ደቅነው፣ «ስሚ፤ እኩል ይተንፍሱ። አንዱ የሌላውን ድርሻ ከሳበ ሞተሩ ይታመማል» አሉኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ግን ማንም አልሰጠኝም።

ሞተሩ በተነሣ በሳምንቱ እሑድ ከሃውቶርን እስከ ፌርፋክስ ነዳሁት። የባሕሩ ጭጋግ ገና አልተገፈፈም። ነፋሱ እንዳይወስድብኝ ነጠላዬን በጥርሴ ነክሻለሁ፤ ፊቴ ደንዝዟል፣ እግሬን ደግሞ ሞተሩ ይጠብሰዋል። ጋሽ ታደለ ከጎኔ ሆነው እሳቸውም ጋ ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን ይረግጣሉ።

«ቀስ በይ! ይሄን ወለል የበየድሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አላምነውም!»

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ሸጥኩት። ሦስተኛ ወንበር ከየት ይመጣል?

የዛሬው ባለቤት እዚያው ፌርፋክስ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ዌስትዉድ ሰፈር የሚኖር ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነው። «በእኛ ዘንድ የሰው ስሙ የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ ነው። ሴት ብታገባም አትለውጠውም። ወልደየስ አባቴ ናቸው፤ መኪናውን ያደስኩት እኔ ነኝ» አልኩት። በትሕትና ሰማኝና፣ «እመቤቴ፣ እኔ ከድሮው ሰነድ ነው የገለበጥኩት፤ ሚስተር ይላል» አለኝ።

«እንደገና እየው። ሊንዳ ስትጽፈው አጠገቧ ቆሜ ነበር።»

ሜሮን ስልክ ቁጥሯን ሰጥታው ሄድን። መንገድ ላይ፣ «ኦኬ አያቴ፣ በቃ ተይው። ለአባትሽም እኮ ክብር ነው» አለችኝ።

«አባቴ የሰው ላብ የማይበሉ ሰው ነበሩ። ባልሠሩት ማመስገን እሳቸውን መስደብ ነው። መስፋት አስተምረውኛል፤ እሱን ይጻፉላቸው። ብየዳ ግን አላስተማሩኝም!»

በዚህ አገር ስለ ስሜ ብዙ ችያለሁ። ሐኪም ቤት «ሚስስ ወልደየስ» እያሉ የገዛ አባቴ ሚስት ሲያደርጉኝ እንኳ አቤት ብዬ ገብቻለሁ። እነዚያን ቅዳሜዎች ግን ለማንም አልለቅም፤ ለአባቴም ቢሆን። ሰው ከሚሠራው ሁሉ ሲሞት የሚቀርለት ጥቂት ነው፤ ያችው ጥቂት በትክክለኛው ስም ትቅር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየው ደወለ። ሜሮን ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰነዱን አውጥቶ አይቶታል።

«ዘነበች ወልደየስ ብቻ ነው የሚለው» አለ። ቀጥሎም፣ «ሚስተር የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለኝ።